ቡናማ ሲበዛ

ሰኞ፣ 3

ዛሬ ወንድሜ መሥሪያ ቤቴ መጣ። በእግሩ አይደለም፤ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ በተዘጋ ነጭ ባልዲ ውስጥ ነው የመጣው። ጠዋት ቀዶ ጥገና ክፍል ከቀኝ ሳንባው የላይኛውን ክፍል ቆርጠው አወጡለት፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ባልዲው የእኛ የናሙና ክፍል መስኮት ላይ ቁጭ አለ። ስሙን ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ደግሞ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በባዕድ እጅ ከሚገባ እኔ እጅ ገባ አልኩ።

እዚህ ላይ የምጽፈው የማወራለት ሰው ስለሌለኝ ነው። ደንባችን እንዲህ ነው፤ መስታወት ላይ የታየ ነገር ከበር አይወጣም። የዘመድ ናሙና ሲመጣም ለኃላፊ መንገር አለብን። አልተናገርኩም። ብናገር ያርቁኛላ።

ሥራዬን ሰው ቀላል ይለዋል። ሥጋው ሰም ውስጥ ይደርቃል፣ ከወረቀት በላይ ቀጥኖ ይቆረጣል፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ ቀለም ይጠጣል። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አይቶ ሲጨርስ መስታወቱን በቁጥሩ መደርደሪያ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሲጠሩኝ አወጣለሁ፣ ሲበቃቸው እመልሳለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ የገባሁ ነኝ፣ ፀጉሬ እዚያው ሸበተ። እንግዲህ ያን ሁሉ ዘመን ዓይኔን ጨፍኜ አልሠራሁም።

ሐሙስ፣ 6

የወንድሜ ሚስት አስተማሪ ናት፣ የሂሳብ። ከእኔ ጋር ስታወራ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ የመጣሁ ይመስላታል። ዛሬ የተኛበት ክፍል ገብቼ ገና ግንባሩን ሳልስም፣

"እትዬ፣ እጅዎን ታጥበዋል?" አለችኝ።

እኔን። ውዬ የማድረው ጓንት ውስጥ ነው።

"ካንቺ ጠመኔ የኔ እጅ ይሻላል" አልኳት።

"ጠመኔ በሽታ አያስተላልፍም።"

ወንድሜ ትራሱ ላይ ሆኖ "አታስቁኝ፣ ስፌቴ ይፈታል" አለ። እኛ ግን እየቀለድን አልነበረም።

ቀዶ ሐኪሙ መጣ። ቁስሉ ሲጠግ፣ የላብራቶሪው ውጤትም ሲታይ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሳያስፈልገው አይቀርም አለ፤ የተረፈ ነገር ካለ ጠራርጎ እንዲያወጣ። ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ፀጉሩ ነው። "መላጣ ፀጉር አስተካካይ ማን ያምናል ዶክተር?" ሐኪሙም እኔም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። "መቼ ነው የሚጀምረው?" ብላ ቀን ልትጽፍ እስክሪብቶ አወጣች። ባሏን እንደ ፈተና ወረቀት ልታርመው ነው።

ቅዳሜ፣ 8

በጥድፊያ። እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ወንድሜ እጄን ያዘ። "እትዬ፣ እነዚህ የሚነግሩኝ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነው። አንቺ እዛው ነሽ። እስቲ እይልኝ።"

እሺ አልኩ። ምን ልበል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ለሱ እምቢ ያልኩት ነገር የለም።

ማክሰኞ፣ 11

ደስታዬን የት ላድርገው።

ዶክተሩ፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ በወንድሜ ሥጋ ላይ ልዩ ቀለም አዘዘ። ቀለሙን የሚሠራው ቀጮ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፣ ነፋስ የሚወስደው ስለሚመስል ነው ቀጮ የምንለው። እሱ ደግሞ እኔን ማዘር ይለኛል።

"ይሄ ደሞ የምን ቀለም ነው?" አልኩት እንደ ዋዛ።

"የጠባቂው ነው ማዘር። ሴል ውስጥ እንደ ዘበኛ የሚቆም ፕሮቲን አለ። ሴሉ ሲበላሽ ቁም ይለዋል፣ አልሰማም ካለ ይገድለዋል። ዕጢ እንዳይነሳ የሚያፍነው እሱ ነው። ካለ ቡናማ ሆኖ ይታያል።"

"ከሌለስ?"

"ሰማያዊ ብቻ።" ሌላም ሊጨምር ነበር፣ ስልኩ ጠራና እያወራ ወጣ።

መስታወቱ ደርቆ እኔ ጋ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ አየሁት። ማይክሮስኮፕ ምን ያደርግልኛል። ቡናማ ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ ዝገት የነካው ጨርቅ ይመስል፣ ቡናማ ብቻ። ዘበኛ በዘበኛ ላይ።

ስንት ዘመን ሳየው የኖርኩት ነገር ነው። የጡት መስታወት ሲመጣ ቡናማ ከሆነ የነ ቀጮ ፊት ይፈካል፣ "ተመስገን፣ ይቺኛዋ የሚሠራላት ኪኒን አላት" ይላሉ። ሰማያዊ ብቻ ከሆነ ትንፍሽ አይሉም። ቡናማ ደግ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እኛ ክፍል የለም።

የወንድሜ ሳንባ ጦር ሠራዊት አለው። መደርደሪያዎቹ መሃል ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ።

ረቡዕ፣ 12

ዶክተሩ መስታወቱን አይቶ ሲመልስልኝ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ቀጮን "ሰውየው ልጆች አሉት?" አለው። ቀጮ አላውቅም አለ። ሁለት አሉት ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ዶክተሩ ሲያረጅ ሆደ ባሻ እየሆነ መጥቷል።

ዓርብ፣ 14

ነገርኩት።

ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ነው። ሆን ብዬ እሷ ትምህርት ቤት በምትሆንበት ሰዓት ሄድኩ። ሶፋው ላይ ትራስ በትራስ አድርጋ አስቀምጣዋለች፣ የሚውጠውን ሁሉ በየሰዓቱ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋለች፣ ቤቱ የመማሪያ ክፍል መስሏል። ወረቀቱን ሳየው ደሜ ፈላ።

"አየሁት" አልኩት።

ቀና አለ። "እ?"

"ዘበኛህ ሞልቶልሃል።"

ከዚያ ሁሉንም፣ ምን ቀረኝ። ዘበኛው እንዴት ቁም እንደሚል፣ እንዴት እንደሚገድል፣ የሌላው ሰው መስታወት ሰማያዊ ሲሆን የሱ እንዴት ቡናማ እንደሆነ፣ ተነስቼ በእጄ እያሳየሁ። እንደዚያ አሳምሬ የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ስፌቱን በእጁ ደግፎ መልሶ ሳቀ።

"ታዲያ ያ መርዝ ምን ይሠራልኛል?"

"እኔ ሐኪም አይደለሁም" አልኩት። ብያለሁ። ማለቴ እዚህ ይጻፍልኝ።

"አንቺ ብትሆኚስ?"

"እኔ ብሆን ዘበኛ የሞላበት ቤት ላይ ቦምብ አልጥልም።"

ጥሩ አባባል ነበር። እሱም ወደደው፣ ለራሱ ደገመው።

ስወጣ ወረቀቷን ከግድግዳው ላይ ልገነጥል ፈልጌ ተውኩት። ጨዋ ነኝ።

እሑድ፣ 16

መጣችብኝ። በሬን አንኳኩታለች፣ ሥርዓቷን አትረሳም። ስከፍትላት ግን አልገባችም። ጎረቤት እንዲሰማላት ደረጃው ላይ ቆመች።

"መድኃኒቱን አልወስድም እንዲል ያደረግሽው አንቺ ነሽ?"

አንቺ። እስከ ትናንት እርስዎ ነበርኩ።

"እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የነገርኩት።"

"ምኑን አየሽ? መስታወት ደርዳሪ አይደለሽ እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ ባልሽን የምታውቂው በቁጥር ነው። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።"

"ያዘልሽው ልጅ አድጎ የልጆቼ አባት ሆኗል። አሁን ከጀርባሽ አውርጂው።"

ኩም አደረገችኝ፣ አልዋሽም። ግን አፌ መቼ ያርፋል። "ያንቺ ሐኪም ምን አለ? ፀጉሩን አራግፎ፣ አስመልሶት፣ አልጋ ላይ ጥሎት ሊያድነው ነው?"

"የኔ ሐኪም ሐሙስ ቀጥሮታል። ሐሙስ ካልሄደና አንድ ነገር ቢሆን" አለችና ድምጿ ቀጠነ፣ "ቀብሩ ላይ አላስቆምሽም።"

"ሟርተኛ።"

"ሟርት አይደለም፣ ሂሳብ ነው።"

የጎረቤቴ መስኮት ቀስ ብሎ ተከፈተ። በሩን ወርውሬ ዘጋሁባት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ስኳር ሦስቴ ጨመርኩበት፣ ከንዴት ነው።

ደርዳሪ አለችኝ። የሷ ተማሪዎች ስንቱ ናቸው በየዓመቱ የሚወድቁት።

ሐሙስ፣ 20

አልሄደም። ቀጠሮውን ትቶ ፀጉር ቤቱን ከፈተ።

አስፈቅጄ ሄድኩ፣ እንዴት ይቀርብኛል። ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ ትንሽ ከስቶ፣ ግን ቆሞ ሲያስተካክል ሳየው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወንበሩ ላይ ታክሲ ነጂ ተቀምጧል።

"ሞተ ሲሉህ አልነበር እንዴ?" ይለዋል ነጂው።

"እኔ? ያቺ የምታያት እህቴ የሰው ሳንባ የሚነበብበት ቦታ ናት። በዓይኗ አየችው። ዘበኛዬ ሞልቷል ወንድሜ።"

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንዱ "እንዲህ ያለ እህት ለኛም ይስጠን" አለ። ወንበር ለቀቁልኝ። ሙሽራ መሰልኩ።

ስወጣ በጓሮ በኩል አለፍኩ፣ ሚስቱ እዚያ ቆማ በስልክ ከእናቷ ጋር ታወራለች። ቀስ አልኩ። "አይ እማዬ፣ እሷን አልጠላትም" ትላለች። "ደስታዋን ነው የምጠላው። እኔ እውነቱን ይዤ ስገባ እሱ ይጨልምበታል። እሷ ትስቅለታለች። ታዲያ ወዴት ይሂድ?"

ደስታ የሚጠላ ሰው አይቼ አላውቅም። ቅናት ነው።

ትንሽ ያስለዋል። ስፌቱ ነው።

ቅዳሜ፣ 22

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስተኛ ነኝ።

ቀጮ ስለዚያ መስታወት ዳግም አንስቶልኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩትም። ምን ይጠየቃል።

ማክሰኞ፣ 25

ዶክተሩ ተለማማጅ ሐኪሞችን ያስተምር ነበር። ትልቁ ማይክሮስኮፕ ዙሪያውን ዓይን ዓይን ያለው ነው፣ ከበውት ሁሉም አንድ መስታወት ያያሉ። ቁጥር ጠርቶ አምጪልኝ አለኝ። የወንድሜ ቁጥር። ኮራሁ። ለማስተማሪያ የሚመረጠው ያማረው ነው ብዬ፣ ትሪዬን እንደያዝኩ በሩ ሥር ቆምኩ።

"ምን ታያላችሁ?" አለ።

አንዷ ልጅ "ጠባቂው ፕሮቲን በብዛት አለ" አለች። በልቤ ጎበዝ አልኳት።

"ስለዚህ?"

"ስለዚህ ጥሩ ምልክት ነው።"

ዶክተሩ ሳቀ። "ሁላችሁም መጀመሪያ እዚህ ጋ ትወድቃላችሁ። ጤነኛው ጠባቂ ዕድሜው አጭር ነው፣ ሥራውን ሠርቶ ወዲያው ይፈርሳል፣ ስለዚህ እምብዛም አታዩትም። የማይፈርሰው የተበላሸው ነው። ሥራ አይሠራም፣ ቦታም አይለቅም፣ ዝም ብሎ ይከማቻል። ይህን ያህል ቡናማ ስታዩ ዘበኛ በዛ አትበሉ። ዘበኞቹ ሞተው በር ላይ ተከምረዋል በሉ።"

"ታዲያ የሕመምተኛው ነገርስ?" አለችው።

"ብዙ ጥናቶች እንዲህ ያለው የባሰ ነው ይላሉ፣ የማይስማሙም አሉ። ቀለም ብቻውን በሰው አይፈርድም። የዚህ ሰውዬ ግን ዕጢውም ትልቅ ነው፣ ንፍፊቱ ውስጥም ገብቷል። መድኃኒቱን በጊዜ መጀመር አለበት። ጽፌላቸዋለሁ፣ ጀምሮ ይሆናል።"

ጀምሮ ይሆናል።

ትሪው ከእጄ አልወደቀም። መስታወቶቹን በተራቸው መለስኩ። ቁጥር አልተሳሳትኩም።

ዶክተሩስ ቢሳሳት። አርጅቷል። ዓይኑን ያሻል።

ረቡዕ፣ 26

ቀጮን ደረጃው ሥር ያዝኩት።

"ቡናማ ደግ ነው ስትሉ አልነበር?"

"የጡቱን ነው ማዘር። እሱ ሌላ ፕሮቲን ነው፣ ሌላ ነገር ነው የሚያሳየው።"

"ጠባቂ ነው ያልከኝ አንተ ነህ።"

"ነዋ፣ ጤነኛ ሲሆን። ስልክ አቋረጠኝ እንጂ ልነግርሽ ነበር። ምነው?"

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ሰው ይደነግጣል።

"ማዘር፣ ለሰው ተናገርሽ እንዴ?"

"ለወንድሜ።"

"ወንድምሽን ደሞ ምን አገባው" ብሎ ጀመረና ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ሰውየው እሱ ነው?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"መድኃኒቱን ጀምሯል?"

"ፀጉር እያስተካከለ ነው።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "ስሚኝ፣ ገና ጊዜ አለው፣ ግን ብዙ አይደለም። እየዘገየ ሲሄድ ጥቅሙ ይቀንሳል። ዛሬ ሄደሽ ንገሪው። ካልነገርሽው እኔ ለዶክተሩ እናገራለሁ።"

እናገራለሁ ይለኛል። ሥራ የገባ ቀን ጓንት አጠላለቅ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ 28

ረቡዕ መሸብኝ። ሐሙስ ዘነበ። ዛሬ ሄድኩ።

ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። በሩ ላይ ሲያየኝ ማበጠሪያውን አነሳልኝ። "መጣችላችሁ። እትዬ፣ የዘበኛውን ነገር ንገሪያቸው እስቲ፣ እኔ ስናገር አያምኑኝም።"

ነገርኳቸው። ይህን የሚጽፈው እጄ ይድረቅ፣ ነገርኳቸው። እንደ በፊቱ፣ በእጄ እያሳየሁ፣ እየሳቅኩ። አንዱ ሲጋራውን ረግጦ አጥፍቶ "የኔንም ዘበኛ ቁጠሪልኝ" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጥግ ዞሬ አስመለስኩ። ሰዎች የሰከርኩ መስሏቸው አለፉኝ።

እሑድ፣ 30

ቤታቸው ሄድኩ። እሱ ፀጉር ቤት ነው። አስተማሪዋ የተማሪ ወረቀት ታርማለች፣ ስገባ አልተነሳችም።

"ምን ቀረሽ?"

ቆርጬ ነው የሄድኩት። ግን መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ ደረጃቸው፣ ስለ ጉልበቴ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"የመጣሽበትን ተናገሪ ወይ ውጪልኝ።"

ተናገርኩ። ቡናማው ጥሩ አለመሆኑን፣ ተሳስቼ መሆኑን፣ ዶክተሩ ያለውን። ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። አልጮኸችም። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ለኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?" አለች። "እኔ መቼ አመንኩሽ።" ጫማዋን ማድረግ ጀመረች። "ነይ። በነገርሽው አፍ ንገሪው።"

"ብቻውን ሲሆን ይሻላል።"

"ባንቺ ሲኩራራ ብቻውን አልነበረም።"

መንገዱን ሙሉ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዞራ አላየችኝም፤ እንደማልቀር አውቃለች። ፀጉር ቤቱ ስንደርስ እኔን አስቀድማ ከኋላዬ በሩን ይዛ ቆመች። አንድ ደንበኛ አንገቱ በአረፋ ተለውሶ ወንበሩ ላይ ነው፣ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ።

ተናገርኩ። አላሳመርኩትም፣ እጄንም አላንቀሳቀስኩም። ወንድሜ ምላጩን አላቆመም። የሰውየውን አንገት ጨርሶ ላጨ፣ ጠረገው፣ ፎጣውን አንስቶለት ሸኘው። ሌሎቹ ወደ መሬት እያዩ ተራ በተራ ወጡ።

"ሞተው የተከመሩ ናቸው ነው የምትዪኝ" አለ።

"አዎ።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ማክሰኞ።"

"ዓርብ እዚህ ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"ዓርብ ስትስቂ ነበር እትዬ።"

ምላጩን አጥፎ አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ።

"እነሱን ትቼ አንቺን ያመንኩት ለመስታወቱ ብዬ መሰለሽ? የመስታወቱ ነገር ያኔም አልገባኝ። ደስ ብሎሽ ነበር። እትዬ ደስ ካላት እኔ አልሞትም ብዬ ነው።"

ሚስቱ መብራቱን አጠፋች። "ነገ በጠዋት እንሄዳለን" አለችው። እንሄዳለን ስትል እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም።

ሰኞ፣ 1

ለዶክተሩ ራሴ ነገርኩት፣ ቀጮ ሳይቀድመኝ። እስከ መጨረሻ ሰማኝ። ከመስታወት ክፍል አውጥቶ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል መደበኝ። "ቢያንስ እዚያ የምታነቢው አይኖርም" አለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ስለዚህ ባሰብኝ።

ሐኪሞቹ ዘግይታችኋል፣ ቢሆንም እንጀምራለን ብለዋቸዋል። የሰማሁት ከቀጮ ነው። ከወንድሜ ቤት የደወለልኝ የለም።

ሐሙስ፣ 11

ሰኞ ለት የመጀመሪያውን መድኃኒት ወሰደ። ማንም አልጠራኝም፣ ሄድኩ። አስተማሪዋ በሩን ከፈተች፣ ሰላም አላለችኝም፣ አልዘጋችብኝምም። ትታኝ ገባች።

ወንድሜ በጎኑ ተኝቷል። ከንፈሩ ደርቋል፣ ቆዳው እንደ አሮጌ ሻማ ሆኗል። ከእግሩ ጫፍ ተቀመጥኩ። በቀድሞው ነገር ቢሆን እስካሁን ስንት አውርቼለት ነበር። ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ሳስተካክል፣

"እትዬ።"

"አቤት።"

"ያድነኝ ይሆን ይሄ ነገር?"

አፌ ላይ ስንቱ መጣ። የሚያምር ነገር፣ የሚያሳርፍ ነገር፣ እሱ የሚወደው ዓይነት። ሚስቱ ማድ ቤት ደፍ ላይ ቆማለች፣ ትሰማለች።

"አላውቅም" አልኩት።

ዓይኑን ሳይነቅል አየኝ።

"ይሄንን አምንሻለሁ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወዲያው አቅለሸለሸው። አስተማሪዋ ሳፋ ይዛ መጣች፣ ከኔ አልፋ ልትሄድ ነው ብዬ እግሬን ሰበሰብኩ። አላለፈችም። ሳፋውን እቅፌ ውስጥ ጣል አደረገችው።

"ዝም ማለት ከቻልሽ፣ ይህን ያዢ።"

ያዝኩ።